አራት ጣት ከመሬት

ባለፈው ማክሰኞ ሲ.ኤም.ሲ መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲ ውስጥ ጋቢና ተቀምጬ ሳለ፣ ከፊታችን የቆመ ፒክአፕ ዐይቼ ቀኔ ተበላሸ። ሆዱ አስፋልቱን ሊልስ ምንም ያልቀረው፣ ሆን ተብሎ ዝቅ የተደረገ ነጭ ፒክአፕ ነው። ከኋላ ጎማዎቹ ጀርባ ሁለት ቀያይ የጭቃ መከላከያዎች ተንጠልጥለዋል። ፀሐዩ ከሮ ስለነበር የጋለ ጎማ ሽታ በመስኮቱ ገባ። ሾፌሩ «እህቴ፣ ደህና ነሽ?» አለኝ። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር እንጃ። ንዴት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም። ስንት ዓመት አለፈ፣ አሁንም አልበረደልኝም።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። አባቴ በረባሶ ሠሪ ነበሩ። ካራ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ካለ ጎሚስታ አጥር ጋር የተለጠፈች የቆርቆሮ ዳስ ነበረቻቸው። ያለቀለት የመኪና ጎማ እየሰበሰቡ፣ እየቆረጡ ጫማ ያደርጉታል። ቢላዋውን ውሃ ውስጥ ነከር እያደረጉ ሲስቡት ያ ደረቅ ጎማ ቅቤ የሚቆርጡ ነው የሚመስለው። ቀዳዳውን የሚበሱት በጋለ ወስፌ ነበር። ያኔ የሚወጣው ጭስ ፀጉሬ ውስጥ ገብቶ ክፍል ድረስ ይከተለኝ ነበር።

ልክ ላይ ቀልድ አያውቁም። ደንበኛ ተቀምጦ እግሩን ቢዘረጋላቸው «ተነሥተህ ቁም» ይሉታል። እግር ሲቆሙበት ይሰፋል፣ ተቀምጦ የተለካ ጫማ ሰው ያቆስላል ባይ ናቸው። ሲሚንቶ ተሸካሚው፣ ከለገጣፎ ወዲህ ያለው ገበሬ፣ የእንጦጦ ቅጠል ለቃሚዎች ሳይቀሩ እሳቸው ጋ ነበር የሚመጡት። «እሳቸው ከለኩት አለቀ» ይባል ነበር። አባቴ ሌላ ሀብት አልነበራቸውም፤ ያቺ ልካቸው ነበረች ስማቸው።

ወንድሜ ዳሷ ታሳፍረው ነበር። በአምስት ዓመት ይበልጠኛል፣ ያኔ አንድ የሕንፃ ዕቃ መደብር ሾፌር ነበር። ጓደኞቹን ይዞ ሲያልፍ በማዶ በኩል ነው የሚያልፈው። በእሱ ብቻ ላላክክ አልፈልግም፣ እኔም ኮሌጅ ከገባሁ ወዲህ በዚያ በኩል ሰው ይዤ አላልፍም ነበር። ይኼንን ስናገር አሁንም ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

አንድ ቀን ወንድሜ አሮጌ ፒክአፕ አገኘና አበደ። ከጓደኞቹ ጋር ተጋግዞ በጎሚስታው ግቢ ውስጥ ፈታው፣ ቀባው፣ ዝቅ አደረገው። ከኋላ ጎማው በላይ የተደራረቡትን የባሌስትራ ብረቶች ቀነሰና መኪናው ቁጢጥ አለ። እንዲህ ያለ መኪና ታዲያ ጭቃውን ጠርጎ ነው የሚበትነው። የመጀመሪያው ዝናብ እንደዘነበ አንዲት ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴትዮን ከእግር እስከ ራሷ ጭቃ አለበሳትና እስከ ሰፈራችን ድረስ እየተራገመች መጣች። ወንድሜ የጭቃ መከላከያ ፍለጋ መገናኛ አካባቢ ያሉትን ሱቆች አዳረሰ። ቀዩን፣ ጥቁሩን፣ ባለ ኮከቡን ሁሉ ሞከረ፤ ሁሉም ከመሬት ከፍ ላለ መኪና የተሠራ ነው። የጓደኛው ሠርግ ደግሞ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ነው፤ ፒክአፑ ቪዲዮ ቀራጩን ከኋላ ጭኖ አጃቢውን ሊመራ ቃል ተገብቷል።

ጎሚስታው ነው «አባትህ ቁጭ ብለው እያየህ ምን ያንከራትትሃል?» ያለው።

ወንድሜ እጁን እያሻሸ፣ እየተቅለሰለሰ ዳሷ ድረስ መጣ። «አባባ፣ ለመኪናዬ የጭቃ መከላከያ ይሠሩልኛል?» አላቸው። አባቴ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። ልጃቸው በሕይወቱ አንድ ነገር ከእጃቸው ሲጠይቃቸው ያ የመጀመሪያው ነበር። ደስታቸው ያሳቅቅ ነበር፣ ማርያምን። ያን ቀን ሌላ ሥራ አልነኩም፤ ጎማ ሲያገላብጡ ዋሉ። መሬት የሚነካው ወገን አይሆንም፣ ወፍራም ነው አይታጠፍም አሉ፤ የአንድ አውቶቡስ ጎማ የጎን ቆዳ መረጡ። ጎባጣነቱ እንዲለቅ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ድንጋይ ጫኑበት። እኔ ከክፍል ስመለስ ድንጋዩን ዞር እያደረጉ ሲያዩት አገኛቸዋለሁ።

ሲለኩ አብሬያቸው ነበርኩ። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አስቁሙልኝ አሉ። ከዚያ ወንድሜን ከነጓደኞቹ «ውጡበት፣ ተጭኖ ልየው» አሏቸው። አራቱ እየተሳሳቁ ከኋላ ወጡ። አባቴ ገመዳቸውን ከጎማው በላይ ካለው የመኪናው ቆርቆሮ ጠርዝ ያዙ፣ ጫፉን እኔ መሬት ላይ ይዤላቸው ተንበረከክሁ። አራት ጣታቸውን አጋድመው ከመሬት ለኩና ገመዱን ቋጠሩት። «አራት ጣት ከመሬት ከፍ ይበል፣ ወደ ኋላ ሲሄድ እንዳይረግጠው» አሉ። ከዚያም ወንድሜን ቀና ብለው ዐዩት።

«ከዚህ ወዲያ አትነኩትም አይደል? ዝቅ ካለ ልኩ አይሠራም።»

«አንነካውም አባባ።»

በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ገመዱ በእጄ ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ለዐይን ያሳሳ ነበር። ጠርዙን እንደ በረባሶ ቀጭን መስመር ፈልፍለውበታል፣ ብሎኖቹ የሚገቡበትን በወስፌ በስተውታል። ራሳቸው ከመኪናው ሥር ገብተው አሰሩት። ጎሚስታው ጎንበስ ብሎ አራት ጣቱን አስገባና «ልክክ ብሏል» አለ። ወንድሜ እንኳ የአባቴን ትከሻ መታ አደረገ።

ሠርጉ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ ከኮሌጅ ስመለስ ግቢው ውስጥ መኪናው በክሪክ ተነሥቷል። አባቴ ጎማ ፍለጋ ወጥተው የሉም። ወንድሜ ተኝቶ ይፈታል፣ ከጎኑ ሁለት የባሌስትራ ብረቶች ተጋድመዋል። «ከፍ ብሎ አስጠላን» አለኝ ከሥር ሆኖ። «ለአባባ እንዳትነግሪ፣ ይጨቀጭቁናል።» ቪዲዮ ቀራጩ አጠገቡ ቆሞ ፈገግ አለልኝ። ያ ልጅ፣ ልንገርሽ፣ ለሁለት ወር ያህል ዐይኔን ያዞረ ልጅ ነው። ለሠርጉ እኔ ጋቢና እንድቀመጥ ወንድሜን የጠየቀው እሱ ነበር። እኔም «ምን አገባኝ» ብዬ ሣቅሁ።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ሲዘንብ አድሮ አባርቷል። ግቢው በር ላይ መኪኖች ተሰልፈዋል፣ ጥሩምባው ይጮኻል፣ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቷል። እኔ የተዋስሁትን ቀሚስ ለብሼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ ቆሜያለሁ። አባቴ የክት ኮታቸውን ለብሰው ዳሳቸው ደጃፍ ላይ ናቸው፤ መኪናውን ለማየት እንደወጡ ያስታውቃሉ። አምስት ጎረምሶች ከነካሜራቸው ከኋላ ወጡ። ወንድሜ ከግቢው ሊያወጣው ወደ ኋላ ማርሽ አስገባ።

ቀጭ የሚል ነገር ተሰማ፤ ከዚያ ቆርቆሮ ሲቀደድ። ጎማው የግራውን መከላከያ ረግጦ ወደ ታች ስቦት፣ ከኋላ ያለውን የጎን ቆርቆሮ ይዞት ወርዷል። አዲስ ቀለም የተቀባው ቆርቆሮ እንደ ቆርኪ ተጣሞ ተንጠለጠለ።

ወንድሜ ወረደ። ዐየው። የገዛ እጁ ሥራ መሆኑን እሱ ያውቃል፣ እኔ አውቃለሁ፣ ከላይ ያሉት ሁሉ ያውቃሉ። እሱ ግን ዞረና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣

«አባባ፣ ይኼ የምን ልክ ነው? መኪና እኮ ነው፣ በረባሶ መሰለዎት እንዴ?» አለ።

ሰው ሣቀ። ከላይ ያሉት ሣቁ፣ ጥሩምባ የሚነፋው ሾፌር ሣቀ፣ አባቴ ጋ ሦስት ጫማ ያሠራው የጥበቃ ሰውዬ ሣቀ። አባቴ መጡና ጎንበስ ብለው የተገነጠለውን ጎማ ከጭቃው አነሡ። ረጅም ጊዜ ጎንበስ እንዳሉ ቆዩ። ቀና ሲሉ ማንንም አላዩም፣ እኔን ነው ያዩኝ።

አንዲት ቃል ነበረች የምትፈለገው። «ቀንሰውት ነው» ማለት ነበር። ሕፃን ልጅ ይላታል። እኔ ቀሚሴን ከጭቃው ሰብሰብ አድርጌ ጋቢና ገባሁ። የተቀደደውን በሽቦ ጠፍረው አሰሩትና ሄድን። አባቴ ያንን ጎማ እንደ ያዙ ቀሩ።

እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ ባሕር ዛፉ መሀል ለፎቶ ቆምን። ዛፉ ከዝናቡ በኋላ አፍንጫ የሚከፍት ሽታ ነበረው፣ ፀሐይ በቅጠሉ መሀል ይንጠባጠብ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቀን ለማን ተሠራ ያሰኛል። ያ ልጅ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ «አባታችሁ ጫማ ነው እንዴ የሚሠሩት?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ልክ የላቸውም በቃ» አለና ሣቀ። እኔም አብሬው ሣቅሁ። ሣቅሁ ነው የምልሽ! ስሙን ዛሬ ለማስታወስ ማሰብ አለብኝ፣ ያንን ሣቄን ግን አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም።

ነገሩ እዚያ አላቆመም። ሰፈር እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ አንዴ የያዘውን አይለቅም። ጎሚስታው ጋ የሚውሉት ጎረምሶች አንድ ነገር በጠበበ በሰፋ ቁጥር «እሳቸው ለክተውት ነው?» ይባባሉ ጀመር። ጎሚስታው ራሱ አራት ጣቱን ያስገባ ሰው ነው፤ ትንፍሽ አላለም። ደንበኛ ቆሞ እየተለካ «እርግጠኛ ነዎት?» ይላቸዋል። እስቲ አስቢው፣ ሠላሳ ዓመት የለኩ ሰው። ዓመት ሳይሞላ ዳሷን ዘጉ። ለምን ሲባሉ «ዐይኔ ደከመ» ይላሉ። እኔም ራሳቸውን እንደተጠራጠሩ፣ ልኩን እንዳጠፉት እንዳመኑ ነው የማስበው። ብዙ ጊዜ ልነግራቸው ተነሥቻለሁ። ነገ እላለሁ። ነገ ነገን እየወለደ እኔ ሥራ ያዝሁ፣ አገባሁ፣ ወለድሁ።

ወንድሜ ዛሬ ሲ.ኤም.ሲ ነው ቤቱ። ደህና ሰው ነው ይሉታል፤ ለሰው ይደርሳል፣ አባቴንም በበዓል አስመጥቶ አጠገቡ ያስቀምጣቸዋል። ግን ያንን ወሬ አልተወውም። ዘንድሮ ፋሲካ አማቾቹ ባሉበት፣ ልጆቹ ባሉበት፣ ዶሮው ተበልቶ ሰው ጨዋታ ሲይዝ «አባባ ለመኪናዬ በረባሶ ያለበሱለት ጊዜ» ብሎ ጀመረ። ልጆቹ በሣቅ ፍርስ አሉ። አባቴ ዐይናቸውን ሳህናቸው ላይ ጥለው ቁርስራሽ ይለቅማሉ። 

«አንተ ነህ የቀነስከው» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ መሰለኝ፣ ልጆቹ ዞረው ዐዩኝ። «ከተለካ በኋላ ሁለት ብረት አወጣህ። ዐይቻለሁ። አባባ አልተሳሳቱም።»

«ኧረ ተይ፣ ጨዋታ እኮ ነው» አለ ወንድሜ። ሚስቱ ለስላሳ ታድል ጀመር።

ጨዋታ! ተነሥቼ የአባቴን ኮት አመጣሁ። እስከ ካራ በታክሲ ወሰድኳቸው፣ ከአስፋልቱ እስከ ቤታቸው ያለው ድንጋይ ንጣፍ ስለሚያዳልጣቸው ክንዴን ይዘው በእግር ሄድን። እኔ አሁንም እየነደድሁ ነው፤ ስለ ወንድሜ የመጣልኝን ሁሉ እናገራለሁ። እሳቸው ሰሙኝና፣

«አውቅ ነበር» አሉ።

ቆምሁ።

«ያን ለታ ጎማውን ሳነሣ ከሥር ባሌስትራውን አየሁት። ሁለት ጎድሏል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ አባባ? ለምን አልተናገሩም?»

«ስለ ገዛ ሥራዬ፣ ከገዛ ልጄ ጋር፣ በሠርግ መሀል ልጩህ?» አሉ። ትንሽ ሄዱና እንደገና ቆሙ። «ገመዱን የያዝሽው አንቺ ነሽ። አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ቀና አልኩ።»

 ለወንድሜ ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ።

«ዳሷን የዘጋሁት ሰው ስለ ሣቀብኝ አይደለም» አሉ። አልጨረሱትም። እኔም ይጨርሱት አላልኩም።

«ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «ዘገየሁ።»

«ዘገየሽ» አሉ። ሊያባብሉኝ አልሞከሩም።

በሩ ላይ ስንደርስ ክንዴን ለቀው ቁልፉን ከኪሳቸው ፈለጉ። ከፈቱና ገባ ብለው ዞሩ፣ እኔ ገና ደጅ ቆሜ ነበር።

«ግቢ እንጂ፣ ርቦሻል» አሉኝ።

ከዚያ ሁሉ የፋሲካ ምግብ ተነሥተን መምጣታችን ነው።

«አዎ አባባ፣ ርቦኛል» አልኩና ገባሁ።