ለእናቴ የጠለፍኩት ነጠላ

በጥልፍ አልታማም። ጉራ ነው የሚል ካለ ቤታችን ይምጣና በዓይኑ ይይ። የወንድሜ የትራስ ልብስ፣ አክስቴ ለጥምቀት የምትለብሰው ቀሚስ፣ የጎረቤታችን ሕፃን ክርስትና የተነሣበት ልብስ፣ ሁሉም ከእኔ መርፌ የወጡ ናቸው። የማሽን ጥልፍ አልወድም። ማሽን ለአገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት አበባ ያድላል፤ እኔ ግን የምጠልፍለትን ሰው ሳላስብ ክር አልቆርጥም። አክስቴ በቁመቷ ስለምትኮራ ጥልፉን ከአንገቷ አስጀምሬ እስከ እግሯ አወረድኩላት። ወንድሜ ሲተኛ ስለሚገላበጥ ክሩ ጉንጩን እንዳይፍቀው አበባውን ከትራሱ ጥግ ላይ አስቀመጥኩለት። እንዲህ ያለውን ነገር ማሽን ከየት ያውቀዋል?

አባቴ ከሞተ በኋላ ግን ለእናቴ የምጠልፍላት ነገር ጠፋኝ። አባቴ የጣና ሰው ነበር። በልጅነቱ በደንገል ሣር ታንኳ ቀዝፎ፣ ጎልምሶ በሞተር ጀልባ ሰውና እህል ከባሕር ዳር ወደ ደሴቶቹ ሲያመላልስ ኖሮ፣ በመጨረሻ ታሞ አልጋው ላይ ዐረፈ። እናቴ ከል ለበሰች፤ ነጠላዋንም ዘቀዘቀች። በእኛ ወግ ኀዘንተኛ ሴት የነጠላዋን ጥለት ወደ ላይ ታደርግና አንገቷና ትከሻዋ ላይ ትጠመጥመዋለች። በደህናው ቀን ጥለቱ ወደ ታች ወርዶ ነው የሚታየው።

ሙት ዓመት ሲወጣ ዘመድ አዲስ ልብስ ይዞ ይመጣና ከሉን ያስወልቃል። አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ከአንበሳሜ ድረስ ነጭ ቀሚስ ይዘው መጡ። እናቴ ተቀበለች፣ አመሰገነች፣ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ ያንኑ ጥቁሯን ለብሳ ገበያ ወጣች። አጎቴ ተቆጡ። የነፍስ አባቷ መከሯት። በሠፈራችን በዓባይ ማዶ ያለ ጎረቤት ሁሉ ተራ በተራ እየገባ ለመናት። ለሁሉም የምትመልሰው "እሽ፣ እለውጣለሁ" ነበር። ሌላ ዓመት አለፈ፤ ከሉ ከላይዋ አልወረደም። እኔም ጠዋት ቢሮ ስሄድ የምሰናበታት፣ ማታ ስመለስ የምትቀበለኝ፣ ጥለቷ አንገቷ ላይ የተጠመጠመ እናት ሆነች።

እንዲህ እያለን የወንድሜ ሠርግ ደረሰ። እናቴ ድግሱን ስታሰናዳ ላያት ኀዘን የነካት አትመስልም። ጌሾው በሷ ትእዛዝ፣ በርበሬው በሷ ዓይን ሥር። ደስ ብሎን ነበር። አንድ ቀን ራት እየበላን ሳለ ግን ወንድሜን፣ "የዚያን ለት ጧት አጎትህ ይመርቁህ። እኔ ከጓዳ አልወጣም" አለችው።

"ለምን?"

"ከል ለብሼ ሙሽራ አልመርቅም። ኀዘኔ ትዳርህ ላይ እንዲያርፍ አልፈልግም።"

"ታዲያ ለአንድ ቀን አውልቂዋ እማዬ!"

እሷ ወጥ ጨመረችለት። ሙሽራ ከቤት የሚወጣው የእናቱን ጉልበት ስሞ፣ ተመርቆ ነው። ወንድሜ ትልቅ ሰው ነው፣ ሥራ ይዟል፣ ጺም አለው፤ ያን ማታ ግን ጉርሻውን ሳይውጥ ተነሥቶ ግቢው ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። በጣም አሳዘነኝ። በእናቴም ተናደድኩ። ለሞተ ታስባለች፣ ለቆመ አታስብም ብዬ በሆዴ ተማረርኩ።

ከዚያ ግን የለመደብኝ ልበ ሙሉነት መጣ። ዘመድ በምክር ያቃተውን እኔ በመርፌ እሠራዋለሁ አልኩ። አጎቴ ያመጡት ቀሚስ ጥሩ ቀሚስ ነው፤ ግን የማንም ሴት ቀሚስ ነው። እናቴን ከከል የሚያወጣት የራሷ የሆነ ነገር ነው። ስስ ነጠላ ገዛሁ፤ ከጥለቱ ጎን የጣናን ታንኳዎች ከነቀዛፊዎቻቸው በረድፍ ልጠልፍበት ወሰንኩ። አባቴን ትከሻዋ ላይ ጥቁር አድርጋ ከምትሸከመው ሐይቁ ላይ እየቀዘፈ ብታየው ይሻላል ብዬ ነው።

ቢሮዬ ከሐይቁ አይርቅም። በምሳ ሰዓት ዋርካ ሥር እየተቀመጥኩ፣ እንጨት ጭነው የሚመጡትን ታንኳዎች እያየሁ በስስ ወረቀት ነደፍኩ። ነጠላ አስቸጋሪ ነው፤ ክሩን ትንሽ ካጠበቁት ይኮማተራል፣ ሲያላሉት ይንዘላዘላል። ስለዚህ ወረቀቱን ከጨርቁ ሥር በስፌት አያያዝኩና ከላይ ጠልፌ ስጨርስ ወረቀቱን እየቀደድኩ አወጣሁት። የታንኳውን ሆድ በደረቅ ሣር ቀለም፣ ውኃውን በሁለት ዓይነት ሰማያዊ፣ ቀዛፊውን በቡናማ። ቢሮአችን ከየአገሩ የመጣ ሰው ያለበት ነው። ጥለቱን በሁለት እጄ ይዤ ዘርግቼ ሳሳያቸው ሁሉም ተሰበሰቡ። ከአርሲ የመጣችው የሥራ ባልደረባዬ፣ "ለእናቴም እንዲህ ያለውን ካልሠራሽልኝ አንላቀቅም" አለችኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ለሠርጉ ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ሰጠኋት። ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ጣቷን ከታንኳ ወደ ታንኳ እያሻገረች ዳበሰችው።

"ይኸ አባትሽ ነው?"

"የትኛውን ትመርጭለታለሽ?"

"ይኸን። ወገቡን እንዲህ ነበር የሚያደርግ" አለችና አንዱን ቀዛፊ ነካችው። ድምጿ ሲለሰልስ ሰማሁ። በቃ፣ አሁን ነው አልኩ በልቤ።

"እስቲ ለብሰሽ አሳይኝ።"

ትንሽ አመነታች። ከዚያ አንገቷ ላይ የተጠመጠመውን አወረደች፤ አዲሱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ጥለቱን ወደ ታች ለቀቀችው። አንገቷን ካየሁት ስንት ጊዜዬ! ቀጭን ሆኗል። ልናገር አፌን ስከፍት እሷ ወደ ታች አየች፤ እኔም ዓይኗን ተከትዬ አየሁ። ክው አልኩ። ታንኳዎቹ ሁሉ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተገልብጠዋል። ቀዛፊዎቹ በጭንቅላታቸው ውኃ ውስጥ ተተክለዋል።

ጥለቱ ወደ ላይ ሲሆን ብቻ የሚቃና ጥልፍ ነው የሠራሁት። ንድፉን ሳወጣም፣ ስጠልፍም፣ ለሰው ሳሳይም፣ በሐሳቤ የነበረችው ነጠላዋን የዘቀዘቀችው እናቴ ናት። ከኀዘን ላወጣት የሠራሁትን ለኀዘን እንዲሆን አድርጌ ጠለፍኩት። የሠፈር ሴት ሁሉ ባለሙያ እያለ የሚጠራኝ እኔ!

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። "ጣና ዕድሜውን ሙሉ ያልገለበጠውን ሰውዬ አንች ገለበጥሽው?" አለች።

ሣቋን መቆጣጠር አቃታት። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ሆዷን ይዛ ሣቀች። እኔም ሣቅኩ፤ ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አለቀስኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ "ስጭኝ እማዬ፤ ተርትሬ እደግመዋለሁ" ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠችኝም። ሣቁ ከፊቷ እየጠፋ ነበር።

"እንዲህ ነው የምታይኝ?" አለች።

"እንዴት?"

"ሌላ አለባበስ የሌለኝ።"

ልዋሻት እችል ነበር። "አዎ" አልኳት። "ጥለትሽ ወደ ታች ሆኖ ምን ትመስይ እንደነበር ረሳሁት። ናፍቀሽኛል፣ እማዬ። ሁለታችሁም ናችሁ የናፈቃችሁኝ።"

ነጠላውን አጣጠፈችና የአጎቴ ቀሚስ ካለበት ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ጥቁሯን መልሳ ጠመጠመች። የሣጥኑ ክዳን ሲዘጋ ነገሩ አበቃ አልኩ። በዚያ ሳምንት የሙሽራውን ቤት መጋረጃ ሰፋሁ፣ የሚዜዎቹን መሐረብ ጠለፍኩ፤ እጄ አልቦዘነም፤ ልቤ ግን ሥራው ላይ አልነበረም። ወንድሜም ስለ ምርቃቱ ዳግመኛ አላነሣም። አጎቴ ቀድመው መጥተው ምን ብለው እንደሚመርቁት ይለማመዱ ጀመር።

የሠርጉ ጧት ቤቱ በዘመድ ሞላ። መኪኖቹ በር ላይ ጡሩምባቸውን ያንባርቃሉ። አጎቴ መሐል ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ወንድሜ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ሚዜዎቹን አስከትሎ ገባ፤ ዓይኑን ግን ከተዘጋው የጓዳ በር ላይ መንቀል አልቻለም። አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሱም ተስፋ ቆርጦ ወደ እሳቸው አንድ እርምጃ ተራመደ።

የጓዳው በር ተከፈተ። እናቴ ያንን ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፤ ሣጥን ውስጥ የታጠፈበት መስመር ገና አልለቀቀም። ከላዩ የእኔ ነጠላ፣ ጥለቱ ወደ ታች፣ ታንኳዎቹ ከነቀዛፊዎቻቸው እንደተገለበጡ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። አክስቴ ሮጣ አቀፈቻትና ወዲያው ዓይኗ ጥልፉ ላይ ዐረፈ።

"ምነው እቴ፣ ገልብጠሽ ነው የለበስሽው! ነይ ላቅናልሽ" ብላ ጥለቱን ወደ ላይ ልትመልሰው ያዘችው።

እናቴ እጇን ያዘቻት። "ተይው። ልኩ ይኸ ነው" አለቻት።

አጎቴ ሳይጠየቁ ከወንበራቸው ተነሡ። እናቴ ተቀመጠች። ወንድሜ ተንበርክኮ ጉልበቷን ሳመና ፊቱን ቀሚሷ ውስጥ ቀበረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም አየን። ሁለት እጇን ራሱ ላይ ጫነች። ውጭ ያሉት ሾፌሮች ጡሩምባውን ተዉት።

"አባትህ ቢኖር የሚቀድመኝ እሱ ነበር" አለችው። ጸጉሩን ዳሰስ አደረገችና ቀጠለች። "አሁን እኔ አለሁ። ውለዱ፣ ክበዱ። ቤታችሁ የሰላም ቤት ይሁን።"

ሰው ሁሉ አሜን አለ። ከሁሉም አብልጬ የጮኽኩት እኔ ነኝ።