ሲራክ የቆረጠው ንግግር

ሲራክ ሰው ማሳቅ የጀመረው ሀና ማርያም አካባቢ በነበረችው የቆርቆሮ ጸሎት ቤታችን ነው። የመጋቢያችንን አሰባበክ እያስመሰለ ያንከተክተን ነበር። ሽማግሌዎቹ ከመዘምራን ሲያግዱት እኔም በሳቄ አብሬው ታገድኩ። ከዚያ ትንንሽ መድረክ፣ ቀጥሎ ሬዲዮ፣ በመጨረሻም ቴሌቪዥን ላይ የራሱን ፕሮግራም አገኘ። እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ያቀርባል። የፖለቲካ ቀልደኞች ይሉናል፤ እውነቱን ልናገርና ባለሥልጣኑን እንፈራ ስለነበር የምንቀልደው በሚያጨበጭብለት ሰው ላይ ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት እኛ ነን።

አምና ላፍቶ ውስጥ ስለ እርሻ መሬት ካሳ በተደረገ ስብሰባ የተቀረጸ ቪዲዮ ደረሰን። መሬታቸው የተወሰደባቸው አዛውንት፣ እማማ ገዲሴ፣ ተነሥተው ሰብሳቢውን ይመርቃሉ። «ዕድሜህ ይርዘም፣ ልጆችህ ይባረኩ፣ ወንበርህ ይጽና።» ሲራክ እዚያ ላይ ቆረጠው። ከዚያ ነጠላ ተከናንቦ፣ መሬቷን የወሰደባትን ሰው እግር የምትስም ባልቴት ሆኖ ተጫወተ። አገር ሳቀ።

ከምርቃቱ በኋላ ያለውን ሁለታችንም ሰምተን ነበር። «መሬቴን አጉድላችሁ ነው የለካችሁት፤ ይህ የካሳ መዝገብ ሳይዘጋ እንደገና ይለካልኝ» ይላሉ። ሲራክ ያደገው ከእሳቸው ጋር አጥር ተጋርቶ ነው። እዚያ ትልቅ ሰው አቤቱታውን ከምርቃት እንደሚጀምር ያውቃል። ለእኔም ነግሮኛል። ግን ሙሉው አያስቅም።

ከሁለት ወር በኋላ ልጃቸው ሁንዴሳ ለሲራክ ደወለለት። «እናቴ ለካሳው ጉዳይ ቢሮ ስትገባ ‹ዛሬም ሊመርቁን መጡ?› ብለው ይስቁባታል። እየሳቁ ይመልሷታል» አለው። በማግሥቱ ጠዋት ፉሪ ተከራይተው ወደሚኖሩበት ቤት ሄድን።

«እማማ፣ አጥፍቻለሁ። የተናገሩትን ሙሉውን አቀርበዋለሁ» አላቸው ሲራክ።

«መዝገቡ ሰኞ ተዘጋ» አሉት። «ያን ቀን የመጨረሻ ዕድሌ ነው፣ ብመርቅ ደግሞ ይስቁብኛል ብዬ ሳልመርቅ ጮህኩባቸው፤ እንደ ባለጌ። እናቴ እንዲህ አድርጋ አላሳደገችኝም። ሌላ ሰው ቢሆን ወጋችንን አያውቅም ብዬ እተወው ነበር። አንተ ግን ታውቃለህ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተስ የማን ልጅ ነህ? ተቀመጥ እንጂ» አሉኝ። ቀልዱን የጻፍኩት እኔ መሆኔን አያውቁም። ስሜን ብቻ ነግሬያቸው ተቀመጥኩ።