ብቻዬን መብላት ያስተማረችኝ ፍሬ

አላምንም።

ለሥራ ኪጋሊ ነው ያለሁት። ጠዋት ሆቴሉ ቁርስ ቤት ተቀምጬ ቴሌግራም ስከፍት፣ የመሥሪያ ቤታችን ግሩፕ ላይ የፍሬሕይወት ፎቶ ከሻማ ጋር ተለጥፏል። መጀመሪያ ልደቷ መሰለኝ፣ እውነቴን ነው። "ማን ነው ደግሞ እንዲህ ያለ ቀፋፊ ሻማ የመረጠላት?" እያልኩ ወደ ታች ወረድኩ። ከዛ "ነፍስ ይማር" የሚለውን አነበብኩ።

መታመሟን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ግን ተሽሏት ነበር እኮ። በቀደም እንኳን በቮይስ ስትስቅብኝ ነበር። በቃ እንዲህ ነው እንዴ?

ለማታውቋት፣ ፍሬ ካዛንቺስ በነበረው ቢሯችን ፊት ለፊቴ የምትቀመጥ የሥራ ባልደረባዬ ነበረች። እኔ ደግሞ፣ ብዙዎቻችሁ ይህን አታውቁም፣ ለዓመታት ከድብርት ጋር የምኖር፣ ሰው ሲያየኝ የሚጨንቀኝ ሰው ነኝ። "ዝምተኛ ነው፣ ጨዋ ነው" ትሉኛላችሁ። ጨዋ ሆኜ አይደለም፣ ፈርቼ ነው። ሐኪም አለኝ፣ መድኃኒትም እወስዳለሁ። ዛሬ ስለ እሷ ብዬ ነው የምናገረው።

መሥሪያ ቤቱ ለሥልጠና ናይሮቢ ሊልከኝ ነበር። ሌላው ውጭ አገር ለመሄድ ስለት ይሳላል፣ እኔ እንቅልፍ አጣሁ። እምቢ ልል ስል ፍሬ ያዘችኝ።

"አውሮፕላኑ ነው የሚያስፈራህ?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

እያፈርኩ ነገርኳት። ምግቡ ነው። ማለቴ፣ ሰው በሞላው አዳራሽ ውስጥ ሳህን ይዤ ብቻዬን መቀመጥ። እኛ ጋ ብቻውን የሚበላ ሰው መቼም በሰላም አይደለም ይባላል፤ ማንም አልፎ ሂያጅ "እንብላ" ይባላል። እዛ እንብላ የሚለኝ በሌለበት፣ ሁሉም እኔን ብቻ የሚያይ ይመስለኛል።

ፍሬ በሁሉ ነገር የምትስቅ ሰው ናት። በዚህ ግን አልሳቀችም። "እንለማመዳለና" አለች።

ከዛ በኋላ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ከቢሯችን ጀርባ ወደነበረችው ምግብ ቤት አብረን እንሄዳለን። አሁን ፈርሳለች። በሩ ላይ ስንደርስ እንለያያለን፤ እሷ ጥግ ትይዛለች፣ እኔን መሃል ታስቀምጠኛለች። ጀርባዋን ሰጥታኝ በያይነቱን ትበላለች፣ እኔ ላቤ እየወረደ ከእንጀራውና ከሽሮው ጋር እታገላለሁ። ስንወጣ ሁሌ የምትለኝ አንድ ነገር ነው። "ሁሉም የራሱን ሳህን ነው የሚያየው።"

ውሸቷን ነበር። የቢሮው ሰው በሙሉ እኛን ነበር የሚያየው። አንድ ትሪ ላይ ሲበሉ የኖሩ ሁለት ሰዎች ድንገት ጀርባ ተሰጣጥተው ሲበሉ፣ ከባድ ጠብ ነው ተብሎ ተደመደመ። የሒሳብ ክፍሉ አዛውንት ጋሽ ዘውዴ ሁለት ሰው አስከትለው ለሽምግልና መጡ። ስብሰባ ክፍል አስገብተው አስቀመጡን።

"ልጆች፣ መጣላት ያለ ነው" አሉ። "ማዕድ መለየት ግን ምን አመጣው? እኛም እናንተን እያየን ምሳ አልበላ አለን።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወይ እውነቱ ይወጣል፣ ወይ የሌለ ጠብ መፍጠር አለብኝ። ፍሬ አንገቷን ደፋ አድርጋ "ጥፋቱ የኔ ነው ጋሽ ዘውዴ፣ የማይሆን ነገር ተናግሬው ነው" አለች። ከዛ ተነስታ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ጋሽ ዘውዴ እጃቸውን ዘርግተው መረቁን። የኔን ገበና ለመሸፈን ያላጠፋችውን ጥፋት ተሸክማ ወጣች፣ በኋላም አንድም ቀን አላነሳችብኝም።

በማግስቱ ተመልሰን ለየብቻ ስንቀመጥ የጋሽ ዘውዴን ፊት ብታዩት። ያስታረቁት ሁሉ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ሽምግልናውን ይተዉት ነበር።

ናይሮቢ ሄድኩ። መጀመሪያ ክፍሌን ዘግቼ በብስኩት ዋልኩ። በነጋታው ወረድኩ፣ ሻዩን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት፣ ግን በላሁ። በቮይስ ስነግራት "ምን በላህ?" ብቻ ነው ያለችኝ። ስለ ፍርሃቱ አንድም አልጠየቀችኝም፣ ስለበላሁት ዓሣ ግን በደንብ አስወራችኝ። ከዛ ወዲህ ሌላም አገር አይቻለሁ። ድብርቱ አልለቀቀኝም፣ አንዳንዴ ከአልጋ መነሳት ያቅተኛል። ቢሆንም እሄዳለሁ። ያየሁትን አገር ሁሉ ያየሁት በሷ ነው።

የቢሮ ልጆች፣ መርዶውን የደበቃችሁኝ "ብቻውን ነው፣ ይደነግጣል፣ ሲመጣ በሰው መሃል እንነግረዋለን" ብላችሁ ተመካክራችሁ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ግሩፑ ውስጥ መኖሬን ረስታችሁ። አልተቀየምኳችሁም። እሷ ብትሆን በሳቅ ትሞት ነበር።

ፍሬዬ፣ ቄራ እናትሽ ደጅ ድንኳን ተተክሏል አሉ። ቀብርሽ ላይ አልደርስም፣ ይሄ ያንገበግበኛል።

ግን ስሚኝ። ፎቶሽን ሳይ ወደ ክፍሌ አልሮጥኩም። እዛው ወንበሬ ላይ ሆኜ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩልሽ። አንድ ባልና ሚስት ከጎረቤት ጠረጴዛ ተነስተው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ። ማን ሞቶብህ ነው አሉኝ። እህቴ አልኳቸው። ስላንቺ አንድ በአንድ ነገርኳቸው፣ እነሱም አብረውኝ አለቀሱ። ለቅሶሽን እዚህ ተቀመጥኩልሽ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር።

አዳራሹ በሙሉ እያየኝ ነበር ፍሬ። ይየኝ አልኩ።

እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ደህና ሁኚ።