በቅዳሴ ሰዓት የውሻ ማሰሪያ ይዞ መቆም

በኒው ካይሮ ቪላዎች ተቀጥራችሁ ከዓርቡ የዕረፍት ቀን ቅዳሴ ለምትቀሩ እኅቶቼ፦ ይህን የምጽፍላችሁ ሰበባችሁ ማለቁን ላስታውቃችሁ ነው።

የክርስትና ልጄ አልማዝ ዛሬ ልትቆርብ መጣች። እመቤቷ የፈቀደችላት ግን ውሻውን ይዛ እንድትወጣ ነው።

ውሻ ቤተ ክርስቲያን አይገባም። ስለዚህ ማሰሪያውን ተቀብዬ ካይሮ አባሲያ ሰፈር ካለው ቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ላይ ቆምሁ።

የአገራችን ውሻ አፈ ሹል፣ እግረ ረጅም፣ ጆሮውም ቀጥ ያለ ነው። ይህኛው አፍንጫው የተደፈጠጠ፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ ጅራቱ እንደ ቀለበት የተጠቀለለ፣ ግንባሩም የተሸበሸበ ነው። ውሻነቱን ያመንሁት ሲጮኽ ነው።

አልማዝ ቆርባለች፤ ተመስገን። እንዲህ ያለ የደጅ ጥበቃ የገጠማችሁ ብትኖሩ ጻፉልኝ። እኔን ግን አንድ ዲያቆን ሲያልፍ እጅ ነሥቶ እንዲህ አለኝ፦

«የኔታ፣ ማሌሽ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ግንባሩን ሲቋጥር ቁርጥ እርስዎን ነው የሚመስለው!»