ጉበቴ ሞተ ስል ዶክተሩ የጻፈው

የተወደዳችሁ ወገኖቼ፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ዝም ብዬ ልቀመጥ ብዬ ነበር፤ ግን ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ወደ ቤቴ ብሄድ የበላሁት አይስማማኝም። እንድመሰክር ፍቀዱልኝ። ደስ ቢላችሁም እልል አትበሉ። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ መንገደኛው ሁሉ ጆሮ ሆኗል፤ በር ላይ የቆመው ወንድማችንም ላብ በላብ ሆኖ ነው የሚጠብቀን። በሹክሹክታ ግን፣ ጌታ ይመስገን! ስሙ ይባረክ!

አሪየት ነኝ፤ ባሮ ዳር አሳ የምሸጠው። በአማርኛ የምናገረው አኙዋኩም፣ ኑዌሩም፣ ደገኛውም እንዲሰማኝ ነው። አማርኛን የተማርኩት በዋጋ ስከራከር ስለሆነ የተቆጣሁ ከመሰላችሁ ይቅር በሉኝ።

በፊት ጌታን አላውቅም ነበር። ጎረቤቴ እማማ አጁሉ፣ ይኸው እዚህ የተቀመጡት፣ "ልጄ፣ ነይ አብረን እንጸልይ" ሲሉኝ፣ "እርስዎ ይጸልዩ፣ እኔ አሳው ሳይሸትብኝ ልሩጥ" እላቸው ነበር። ሥራ ስጨርስ ከሴቶቹ ጋር ቦርዴ እጠጣለሁ፣ እስቃለሁ። ባሌ ወርቅ ፍለጋ ዲማ ከወረደ ቆይቷል፤ ወርቁም አልመጣ፣ እሱም አልመጣ። እኔ ግን ልጆቼ አሉኝ ብዬ እኮራ ነበር። ትልቁ ኦባንግ ጀልባ ይቀዝፋል፤ ትንሿ ሴት ልጄ ከእግሬ ሥር አትጠፋም።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኦባንግን ከወንዙ ዳር ወሰዱት። ጀልባውን እያሰረ ነበር። "የእናት አገር ጥሪ ነው" ብለው ከሌሎች ወጣቶች ጋር መኪና ላይ ጫኑት። ሮጥኩ፤ መኪናው አቧራውን አልብሶኝ ሄደ። የቀበሌው ሰው እዚያው ቆሞ፣ "ጓዲት፣ ልትኮሪ ይገባሻል። ስታለቅሺ እንዳላይሽ" አለኝ። እኔም አላለቀስኩም። ወገኖቼ፣ ፈራሁ። እኔም ብታሰር ትንሿን ማን ያሳድግልኛል?

ከዚያ በኋላ እህል በአፌ አልዞር አለ። ቀሚሴ ሰፋኝ። በመጨረሻ ሆስፒታል ሄድኩ። ዶክተሩ ከደጋ የመጣ ወጣት ነው፤ ትሑት ሰው ነው፣ ጌታ ይባርከው። "ምንሽን ነው የሚያምሽ እናቴ?" አለኝ። የዚያን ጊዜ አማርኛዬ የገበያ ነው፤ "ስንት ነው፣ ጨምር፣ ውሰድ" ነው። ለሐዘን የሚሆን ቃል ማን ያስተምረኛል? ስለዚህ በቋንቋችን እንደሚባለው ቃል በቃል፣ "ጉበቴ ሞተ" አልኩት።

ጻፈ። "እንዴት ነው የሚያደርግሽ?" አለኝ።

"ይከብደኛል። ድንጋይ ሆኗል።"

ያንንም ጻፈ። ከጎድን አጥንቴ ሥር በጣቱ ሲጫነኝ፣ እህል ያልገባበት ሆድ ነውና ጮኽኩ።

ወገኖቼ፣ አኙዋክ ሲያዝንም ሲደሰትም በጉበቱ ነው። ዶክተሩ ይህን ከየት ይወቀው? ካልኩት ላይ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ደም ከክንዴ ቀድቶ ለምርመራ ላከና፣ "የጉበት ነገር ቀላል አይደለም እናቴ። ቅባት ተዪ። ወደ ትልቅ ሆስፒታል እጽፍልሻለሁ፤ ምናልባት ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሽ ይሆናል" አለኝ። ወንዙ ዳር የሚኖር ሰው አሳ ተው ሲባል ምን ይበላል? ያችኑ የምቀምሳትንም ተውኩ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። "የወፍ በሽታ ነው" ብለው ኩባያዬን ለዩብኝ። ልጄን "ከእናትሽ ጋር አትብዪ" አሏት፤ በሩቅ ቆማ ታየኛለች። ፍርሃቱ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ባስነጠስኩ ቁጥር ሞት መጣ እላለሁ። ሆዴን ዳብሼ ያበጠ ይመስለኛል። እኔ ከሞትኩ ኦባንግ ቢመለስ ማን በር ይከፍትለታል? ልጄን ኢታንግ ላለችው እህቴ ልሰጥ ቆርጬ ልብሷን አጠብኩላት።

እማማ አጁሉ የመጡት ልብሱን ሳሰጣ ነው። ያን የተለየብኝን ኩባያ አንስተው ውሃ ቀድተው ጠጡበት። ከዚያ በቋንቋችን፣ "ሐኪሙ ምን አለሽ?" አሉኝ።

"ጉበትሽ ሞቷል አለኝ" አልኳቸው።

"እሱንማ እኔም አውቃለሁ" አሉ። "ኦባንግን የወሰዱ ቀን አይደል የሞተው?"

ወገኖቼ! መሬት ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ቀበሌው ያስቀረው ለቅሶ ሁሉ ያን ጊዜ ወጣ። እማማ አጁሉ ጭንቅላቴን ይዘው ጸለዩ፤ "ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ የአንተም እናት ልጇን ሲወስዱባት ቆማ አይታለች። የዚህችን ልጅ ጉበት አንተ ታውቀዋለህ" አሉ። እዚያው ጌታን ተቀበልኩ። ከዚያ አሳ ጠበሱልኝ፣ በላሁ። አሳ! ክብር ለእሱ ይሁን!

ግን ፍርሃቱ ገና አልለቀቀኝም። ወረቀቱስ? ሐኪም የጻፈው ነገር ዝም ብሎ ይቀራል? ከእማማ አጁሉ ጋር ተመልሰን ሄድን። ዶክተሩ የሪፈር ወረቀቱን ሊፈርም ብዕሩን አነሳ፤ ከዚያ ተወው። "የደምሽ ምርመራ ከጻፍኩት ጋር አልገጠመልኝም። ያልሽኝን ላንብብልሽ፣ ስሕተት ካለ ንገሪኝ" አለ። አነበበልኝ። "ጉበቴ ሞተ ስትዪ ምን ማለትሽ ነው?"

በሩን አየሁ። አይቶኝ ተነስቶ ዘጋው። እማማ አጁሉ እየተረጎሙልኝ ስለ ልጄ ነገርኩት።

ዶክተሩ ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጎ፣ "እናቴ፣ ለካ አንጀትሽ ነው የተቃጠለው" አለኝ።

"አሁን ደግሞ አንጀቴም?" ብዬ ልወድቅ ነበር! እናንተ ደገኞች፣ አሁን ሳቁ፣ ቀስ ብላችሁ ሳቁ። አንጀቴ ተቃጠለ ስትሉ ማን የአንጀት መድኃኒት አዘዘላችሁ? እማማ አጁሉ ሳቃቸውን ውጠው እስኪያስረዱኝ ድረስ ሁለተኛ ሞቴን ሞቻለሁ። ዶክተሩ እንደገና መረመረኝ፤ "ጉበትሽ ደህና ነው። ብዪ፣ አልቅሺ፣ እየመጣሽ አጫውቺኝ" አለኝ። ወረቀቱን ሰረዘው። ሃሌሉያ!

አንድ ነገር ልጨምርና ልቀመጥ። ከጊዜ በኋላ ዶክተሩ አስጠራኝ። "ሌሎች ሐኪሞች እንዲማሩበት በሕክምና መጽሔት ልጽፈው እፈልጋለሁ። ስምሽንም ሰፈርሽንም አልጠቅስም። ካልፈቀድሽ ግን አልጽፍም" አለኝ። የጻፈውን አነበበልኝ፤ "ልጇ ከቤት በመራቁ ያዘነች እናት" ይላል።

"አልራቀም ዶክተር" አልኩት። "ወሰዱት።"

ፊቱ ተለወጠ። "እናቴ፣ እንደሱ ብጽፍ አይታተምም። እኔንም ይጠይቁኛል።"

ፈራሁለት። ለራሴም ፈራሁ። ግን አፌ፣ "እንግዲያው የሌላ ሴት ታሪክ ነው" አለ። ብዙ አሰበና ወረቀቱን አጠፈው። "ግማሹን ብጽፍ እንደገና ጉበት መጻፌ ነው። ሙሉው እስኪጻፍ ይቆይ" አለ። ይኸው እስካሁን አልጻፈውም። ግን ዛሬ እሱ ዘንድ ብትሄዱ ያላችሁትን መልሶ ያነብላችኋል፤ "እንዲህ ማለትህ ነው? እንዲህ ማለትሽ ነው?" ይላል። ሰልፉ ረዘመ ብለው የሚያጉረመርሙበትም አሉ።

ወገኖቼ፣ ተፈውሻለሁ ስል አልፈራም ማለቴ አይደለም። ዛሬ ጠዋት እንኳ የወታደር መኪና በድልድዩ ሲያልፍ ትንሿን ጎትቼ ከኋላዬ ደበቅኳት። ኦባንግ አልተመለሰም። ደብዳቤም የለም። በሰሜን በኩል ያለው ወሬ ደግሞ እናንተም የምትሰሙት ነው። ከመካከላችን ለማንም የማትናገሩት ሕመም ያለባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ለጌታ በእናታችሁ ቋንቋ ንገሩት፤ ቃል አትምረጡለት። እኔ በየቀኑ እነግረዋለሁ። አንዳንድ ቀን እቆጣዋለሁም።

ከዚያ ተነስቼ እሳት አነዳለሁ፣ አሳዬን እጠብሳለሁ። ባይርበኝም እበላለሁ። ልጄ ሲመጣ እናት ያግኝ ብዬ እበላለሁ።