በዓይኑ ዓ የጠለፍሁት ስም

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አንድ ጊዜ አገር ቤት ሄጄ የንስሐ አባቴ ፊት ስንበረከክ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን ተናዘዝሁ፤ ይቺን ግን ከምላሴ ሥር ደብቄ ተመለስሁ። ባሌን ከቀበርሁ ወዲህ መረረችኝ። አንተ የምታነበው ማን እንደሆንህ አላውቅም፤ ስለማላውቅህ ነው የምነግርህ።

የምንኖረው ሶማሌላንድ፣ ሐርጌሳ፣ ዳሚ ሰፈር ነበር። ባሌ ታደሰ ግንበኛ ነበር። ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤታችን ኪሮስ ልስን ይለስናል፤ ታደሰ ያቆመውን እሱ ያለብሰዋል። እኛ ወሎዎች፣ እሱ የሽሬ ሰው። ዓርብ ሥራ ስለሌለ የአገራችን ሰዎች እኛ ግቢ ተሰብስበው ሻይ ይጠጣሉ፤ የሰሜኑ ጦርነት ከጀመረ በኋላ ወሬው ሁሉ ጦርነት ሆነ።

ታደሰ ከአባቱ የወረሰው አንድ ሥርዓት ነበረው። አባቱ በአገሩ ሙግት አዋቂ ነበሩ። ጠያቂው «ተጠየቅ» ይላል። መላሹ «ልጠየቅ» ብሎ መጀመሪያ የባላጋራውን ቃል እንዳለ ይደግማል። ባላጋራው «እንዲያ ነው ያልሁት» ካላለ መልስ መስጠት የለም።

«ታዴ፣ መድፍ እኮ ተጠየቅ አይልም» እያሉ ይስቁበታል።

«እሱማ አይልም። እኛ እንኳ እንበል እንጂ።»

በዚህ ሥርዓት ታደሰና ኪሮስ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ይሟገቱና ቅዳሜ ጠዋት አንድ መወጣጫ ላይ ይቆማሉ።

እኔስ? ወንድሜ ወታደር ነበር። ጦርነቱ በጀመረ ሰሞን ድምፁ ጠፋ፤ እስከ ዛሬም እንደጠፋ ነው። ከዚያ ወዲያ ኪሮስን ሳየው የማየው ኪሮስን አልነበረም። አንድ ዓርብ ሻይ እየቀዳሁ «እናንተ ምን ጎደለባችሁ!» አልሁት።

ኪሮስ ዞር ብሎ ከኋላው ሰው ፈለገ። «እትዬ የሺ፣ ብቻዬን ነኝ እኮ። ከማን ጋር ደመርሽኝ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ያን ሳቅ ይዤበት ቆየሁ። አንድን ሰው «እናንተ» ማለት ምን ያህል እንደሚቀል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ከለመዱት በኋላ ፊቱን ማየት አያስፈልግም።

ከዚያ የእናቴ ቤት ያለበት ከተማ ተያዘ የሚል ወሬ መጣ። ያን ዕለት ልብስ ሳሰጣ ከግድግዳው ወዲያ የኪሮስን ድምፅ ሰማሁ። ስልክ ይዞ «ዓወት! ዓወት!» እያለ ይጮኻል። ዓወት በትግርኛ ድል ማለት ነው። ይህን የማያውቅ አበሻ የለም።

የውሃ ጋሪው መጥቶ ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው ተሰልፈው ነበር። ሄጄ «ኪሮስ ድል ድል እያለ ሲጮህ ሰማሁት፤ እናቶቻችን እያለቁ እሱ ደስ ብሎታል» አልሁ። እኔ ነኝ ያልሁት። ማንም አልጠየቀኝም። ጀሪካኔን እንኳ ሳልይዝ ነው የሄድሁት።

ወሬው ከሴቶቹ ወደ ባሎቻቸው፣ ከባሎቻቸው ወደ ካቦው ደረሰ። ዓርብ ሲመጣ ሻይ የጠየቀ አልነበረም።

«ከእሱ ጋር መወጣጫ ላይ አንወጣም» አለ ካቦው። «ከላይ ቢገፋንስ?»

«ሰውየው ይጠየቅ!» አለ ታደሰ። «ተጠየቅ በሉትና ይመልስ።»

ማንም ተጠየቅ አላለውም። ኪሮስ ሳይጠየቅ ተናገረ። «ዓወት ልጄ ናት። ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሱዳን ገብታ ከመጠለያ ደወለችልኝ።»

«አይ ስም! ሲመች ልጅ፣ ሲመች ድል» አለ አንዱ፤ ተሳሳቁ።

ያን ጊዜ ታደሰ ወደ እኔ ዞረ። «የሺ፣ የልጅቷን ስም አንቺ ታውቂያለሽ። ንገሪያቸው።»

ሁሉም አዩኝ። ኪሮስም አየኝ። ፊቱ ላይ ተስፋ ነበረ፤ ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ያ ነው። ዕድሉ በእጄ ነበር፣ አንድ ቃል።

«ኧረ እኔ አላስታውስም» አልሁ።

አላስታውስም! ከጦርነቱ በፊት ለዚያች ልጅ የትምህርት ቤት ሹራብ የሠራሁት ማን ሆኜ ነው? ደረቱ ላይ ስሟን በቀይ ክር ጠልፌ፣ ሽሬ እንዲልክላት ለኪሮስ ብሰጠው እየሳቀ መለሰልኝ። «እትዬ፣ በአልፋው አ ጻፍሽው። የእኛ በዓይኑ ዓ ነው፤ ከጉሮሮ ነው የሚወጣው» ብሎ እንድለው አደረገኝ፤ አቃተኝ፤ ታደሰ በሳቅ ፈረሰ። ተቀምጬ ክሩን ተረተርሁና በዓይኑ ዓ እንደገና ጠለፍሁት። አንድን ፊደል ፈትቶ የጠለፈ እጅ ስሙን ይረሳል? ከግድግዳው ወዲያ የሰማሁትም ያንኑ ከጉሮሮ የሚወጣውን ዓ ነው። አባት ልጁን ሲጠራ መሆኑን አውቄዋለሁ። እያወቅሁ ነው ወደ ጋሪው የሄድሁት።

ኪሮስ የልስን ዕቃውን ጠቅልሎ ወጣ። ከበርበራ ወደብ ጀልባ ተሳፈረ አሉ። ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰ የነገረኝ የለም፤ ልጅቷም አባቷን አግኝታው እንደሆነ አላውቅም።

ታደሰ አልቆጣኝም። ክሩን ስተረትር አጠገቤ ተቀምጦ አይቶኛል፤ ያውቅ ነበር። የዓርብ ስብሰባውን ተወ፤ ሰዎቹ ሲመጡ ሥራ አለብኝ እያለ ይወጣል። ከእኔም ጋር ስለ ጨውና ስለ ውሃ ብቻ ነበር የምንነጋገረው። ቆይቶ ደረቱን ሲሚንቶ በላውና ተኛ። ሊሞት ሰሞን፣ ጠዋት ላይ፣ ቀና ብሎ አየኝ።

«የሺ፣ ተጠየቂ» አለኝ።

«ሾርባ ላምጣልህ?» አልሁት።

ፊቱን ከኪሮስ ጋር እንጋራው ወደነበረው ግድግዳ አዞረ። ሌላ አልጠየቀኝም።

ወንድሜን ስላጣሁ ነው ልበል? ብዙ ሰው ወንድሙን አጥቷል፤ ሁሉም የሰው ልጅ ስም አልካደም። ጦርነቱ ነው ልበል? ጦርነቱ ዳሚ አልደረሰም፤ ያደረስሁት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝም አልልም፤ ይቅር የሚለኝ ሰው በሌለበት መለመን ምን ይረባል?

ታደሰ፣ ዘግይቻለሁ። ግን ሥርዓቱን አልረሳሁትም፤ መጀመሪያ የባላጋራን ቃል እንዳለ መድገም ነው። ኪሮስ፣ «ዓወት ልጄ ናት» ነው ያልኸው። እንዲያ ነው ያልኸው።

ልጠየቅ።