ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተጠጣ መራራ

ወይዘሮ ዕፀገነት ሐረር የመጡት በታይፒስትነት ተመድበው ነው። ሁለት ዓመት ሠርተው ሊመለሱ አስበው ሠላሳ አንድ ዓመት ቆዩ። ባላቸውን እዚሁ ቀበሩ፣ ልጃቸውን መቅደስን እዚሁ አሳደጉ፣ ጡረታ ሲወጡም ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ሥር ባለው ግቢያቸው አበባ እየተከሉ ተቀመጡ። ዓይናቸውን ሞራ ቢጋርደውም «እጄ ያይልኛል» ይላሉ እንጂ ሰውን እርዳታ መጠየቅ ሞታቸው ነው።

ከእናታቸው የወረሱት አንድ ልማድ ነበራቸው። በስቅለት ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ጌታ ሐሞት ቀምሷልና እሳቸውም የግራዋ ቅጠል ወቅጠው፣ በውኃ በጥብጠው አንድ ሲኒ ይጠጣሉ። ሌላ ሲኒ ለመቅደስ ከድነው ያስቀምጣሉ፤ እሷ ከቤተ ክርስቲያን ስግደት ስትመለስ ትጠጣለች። መጠጡ በመረረ ቁጥር ደስታቸው ነው።

በ2003 ዓ.ም. ጎረቤት የግንብ አጥር ሲሠራ በግቢያቸው ጥግ የነበረውን ግራዋ ቆርጦ ጣለው። ለአሮጊቷ የነገራቸው የለም። ከጎኑ የነበረው ሮዝ አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ባዶውን ቦታ ወረሰው። በጋ ከክረምት ያብባል ብለው ከመሥሪያ ቤታቸው ግቢ ቆርጠው ያመጡት ራሳቸው ወይዘሮ ዕፀገነት ናቸው። የዚያን ዓመት የስቅለት ዕለት እጃቸው የለመደውን ስፍራ ዳሰሰና አንድ ዘለላ ቀነጠሰ። ቅጠሉ ወፈር፣ ጠንከር አለባቸው። «ዝናብ ስለጠፋ ነው» አሉና ወቀጡት።

ሲጠጡት ምላሳቸው ደነዘዘ። እንዲህ ያለ መራራ በዕድሜያቸው ቀምሰው አያውቁም። «ተመስገን» አሉ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አስመለሳቸው። ከሐሙስ ጀምሮ አክፍለው ስለነበር የባዶ ሆድ ነው ብለው ናቁት። ቀጥሎ ግድግዳው ቢጫ ሆነ። በመስኮት የሚገባው ብርሃን ቀለበት ሠራ። ልባቸው አንዴ ይመታና ይቆያል፤ ደግሞ ይመታል። በመሃል ያለው ዝምታ እየረዘመ ሄደ። ሌላ ሰው ቢሆን እሪ ባለ ነበር፤ እሳቸው ግን ፈገግ አሉ።

መቅደስ ከስግደት ተመልሳ በሩ ላይ ስትቆም በራሷ ዙሪያ የወርቅ አክሊል አዩ፤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ለቅዱሳን የሚሳለውን ዓይነት።

«ልጄ፣ በርተሻል» አሉ በሹክሹክታ።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ? ከንፈርሽ ገርጥቷል።»

«ጸጋ ወርዶልኝ ነው። ጠጪ፤ አንቺም ታዪዋለሽ።»

እናቷ ዓይኗን ሳይሆን ከራሷ በላይ ያለውን አየር ነበር የሚያዩት። መቅደስ ፈራች። ግን ለእናቷ እምቢ ብላ ስለማታውቅ ሲኒውን አነሳች።

በዚያው ሰዓት ከድሬ ጠያራ ገጠር ወተት የምታመጣላቸው ሙሜ የፋሲካ ቅቤና እንቁላል ይዛ ገባች። ሙቀጫው አጠገብ የወደቀውን ዘለላ ከነአበባው ስታይ ክው አለች።

«አትቅመሺ! ወላሂ ይሄ ግራዋ አይደለም! በድርቁ ጊዜ ሁለት ፍየሎቼን የገደለ ቅጠል ነው፤ ልባቸውን ነው ቀጥ ያደረገው!» ብላ ሲኒውን ከመቅደስ እጅ መትታ ደፋችው።

«ጸጋዬን ደፋሽብኝ!» ብለው ጮኹ ወይዘሮ ዕፀገነት። ሁለቱ ሴቶች ተሸክመው ባጃጅ ላይ ጫኗቸው። እሳቸውም እስከ ሆስፒታል ድረስ የመንገዱን መብራት አንድ በአንድ እየተሳለሙ ሄዱ።

ሐኪሙ ለመቅደስ ነገራት፦ ቅጠሉም፣ አበባውም፣ ግንዱም መርዝ ነው፤ ልብን ያዘገያል፤ ቢጫውም አክሊሉም የመርዙ ሥራ ነው። ልባቸው ሁለት ሌሊት ሙሉ ሲቆም ሲነሳ ቆየ። ፋሲካም አለፈ።

በአራተኛው ቀን ነቅተው የልጃቸውን ፊት አዩ። ደክሟል፤ ጠቁሯል፤ ምንም ብርሃን የለበትም። መቅደስ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ከሲኒው ቀምሰሽ ነበር?»

«አልቀመስኩም፣ እማዬ።»

ወይዘሮ ዕፀገነት ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ሙሜ ባትደርስ ገድዬሽ ነበር» አሉ። «ያውም ደስ እያለኝ።»